ሶፍትዌሩ ነፃ፣ ባለሙያው ውድ

የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን በማለፉ፣ በዶላር የሚገዛ የሶፍትዌር ፈቃድ ለዩኒቨርሲቲዎች በጀት ከባድ ሸክም ሆኗል። በመሆኑም ኮርሶችን በኢንተርኔት ለማስተዳደር የሚያገለግለውና ሙድል የተባለው ሶፍትዌር ተፈላጊነት አያስገርምም። ማርቲን ዱጊያማስ አውስትራሊያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሙድል የፈቃድ ክፍያ የለውም። የዘርፉ ገበያ ግን ትንሽ አይደለም፤ ብላክቦርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ተፎካካሪውን ዌብሲቲን ለመግዛት የተስማማው በ180 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከፈቃድ የተረፈው ገንዘብ ታዲያ በከፊል ወደ አስተዳዳሪው ሥልጠና መሄድ ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ ለሥራው የሚመደበው ከኮምፒውተር ክፍል የተገኘ አንድ ወጣት ነው። ሶፍትዌሩን ሰርቨር ላይ መጫን በአንድ ቀን ያልቃል፤ ማስተዳደሩን መማር ግን ወራት ይፈጃል።

አስቸጋሪው የመብት ድልድል ነው። በሙድል አንድ ሰው መብት የሚሰጠው በአንድ ኮርስ፣ በአንድ የኮርሶች ምድብ ወይም በጠቅላላው ሥርዓት ላይ ሊሆን ይችላል። አንድን የትምህርት ክፍል እንዲመራ የታሰበ ሰው፣ ለሥራ ይቀላል ተብሎ በጠቅላላው ሥርዓት ላይ የማኔጀርነት መብት ከተሰጠው የሌሎችን ክፍሎች ፈተናና ውጤት ከፍቶ መለወጥ ይችላል። ሥርዓቱ ያለ እክል ስለሚሠራ ደግሞ ስህተቱን ማንም ልብ አይለውም።

የተማሪዎች ምዝገባም የራሱ ጣጣ አለው። ዝርዝሩ ከሬጅስትራር በፋይል መጥቶ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ ሙድል ነባሩን ተማሪ የሚለየው በመለያ ስሙ ነው። የአበሻ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ መለያው ከስም የተወሰደ ከሆነ አንድ ተማሪ ሁለት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመታወቂያ ቁጥርን መለያ ማድረግ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ጀማሪዎች ዳታቤዙን ብቻ ገልብጠው ይረካሉ። ተማሪዎች የሚያስረክቧቸው የጽሑፍ ሥራዎች ግን የሚቀመጡት በተለየ የፋይል ማህደር በመሆኑ፣ ሰርቨሩ ቢበላሽ ውጤቱ ተርፎ ሥራው ይጠፋል። ቅጂው በሙከራ ሰርቨር ላይ ተመልሶ መከፈቱም መረጋገጥ አለበት።

ይህን ሁሉ የተማረ ወጣት በዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ብዙ አይቆይም፤ ባንኩም የግል ድርጅቱም ይፈልገዋል። አጠገቡ ሆኖ የሚማር ሁለተኛ ሰው ካልተመደበ፣ ተተኪው የሚረከበው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ያውም ከተገኘ።