የሰው መልክ በዘይት ቀለም

በገበያ ቀን ገንዳ ውሃ ላይ ቆም ብለን ሰዉን እንመልከት። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ቀይ ጎልማሳ አለ። ጠይም ሴት አለች። ጥቁር የጉሙዝ ሽማግሌ አሉ። ሁሉንም በአንድ ቡኒ ቀለም ብንስላቸው ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። የጥንት ሠዓሊዎች የፈለጉት የአንድን ሰው መልክ አልነበረምና። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ መሳል ይማራል።

የዘይት ቀለም የደቀቀ የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። ሰሊጥ በሞላበት አገር ለምን ተልባ? የሰሊጥ ዘይት ሳንቃ ላይ ቢቀቡት ብዙ ቀን እንደራሰ ይቆያል፤ አቧራ ይሰበስባል። የተልባው ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ቀናት ስለሚፈጅ ሠዓሊው ዛሬ የቀባውን ጉንጭ ነገም ሊያስተካክለው ይችላል።

አሁን ወደ ቆዳው እንግባ። ጀማሪ ሠዓሊ ፊት ለማጥቆር ጥቁር ቀለም፣ ለማፍካት ነጭ ይጨምራል። ጥቁርና ነጭ ሲደባለቁ አመድ ይሆናሉ። ፊቱም የበሽተኛ ፊት ይመስላል። የሟች አባቱ ሥዕል እንዲህ ሆኖ የመጣለት ልጅ «አባቴ አይደለም» ቢል እውነት አለው።

መነሻው ቀይ፣ ቢጫና ጥቂት ሰማያዊ ነው። ሦስቱ ሲደባለቁ ቡኒ ይወጣል። ለቀይ ሰው ቢጫና ትንሽ ነጭ ይታከልበታል። ለጥቁር ሰው ሰማያዊውንና ቀዩን ማብዛት ነው እንጂ ጥቁሩን ቀለም መንካት አያስፈልግም።

ደግሞም አንድ ፊት አንድ ቀለም ብቻ የለውም። እጃችንን ገልብጠን ብናይ መዳፋችን ከእጃችን ጀርባ ይፈካል። ጆሮና የአፍንጫ ጫፍ ደም ስለሚታይባቸው ቀላ ይላሉ። በጎጆው ጥላ በኩል የተቀመጠ ጥቁር ሰው ግንባሩ ላይ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ሰማያዊ ጣል ይደረግበታል። ይህን ያላየ ሠዓሊ ነጭ ይለጥፍበትና ግንባሩን ዱቄት የነካው ያስመስለዋል።

በቆላው እኩለ ቀን ፊት መሳል አይመችም። ፀሐይ ከአናት ስትመታ ዓይን በጥላ ይዋጣል። ሰውየውን ጧት በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያገኘው አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።