ኮረሪማና ወገኖቹ፤ በጆንያ ውስጥ ያለው መድኃኒት

በመቱ ገበያ ከቡናው ጆንያ አጠገብ የሚቀመጠው ኮረሪማ ከዝንጅብልና ከእርድ ጋራ የአንድ ወገን ተክል መሆኑ ለብዙ ነጋዴ የታወቀ አይደለም። ከውጭ አገር የሚገባው ሄልም የዚሁ የዝንጅብል ወገን ነው። የወገኑ ዓይነቶች በመላው ዓለም ከ1,500 በላይ ይሆናሉ። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለተክሉ ሳይሆን በፍሬው ወይም በሥሩ ውስጥ ለተከማቸው ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ ከጠፋ ሚዛኑ ቢሞላም ዕቃው ባዶ ነው።

ኮረሪማ በኢሉባቦር ደን ጥላ ሥር ከጫካ ቡና ጋራ የሚበቅል የአገር ሀብት ነው። ንግዱም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት ኮረሪማ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ እንደሚመጣ፥ ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ ዓረብና ወደ ህንድ አገር እንደሚጫን አስታውቆአል። በፍሬዎቹ ውስጥ የሚተን ዘይት አለ፤ ከዘይቱም ዋናው ክፍል ሲኒዮል የሚባለው ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ውስጥም ይገኛል። ባላገሩ ኮረሪማን ለሆድ መነፋት መፍትሔ፥ ለቡናና ለንጥር ቅቤም ማጣፈጫ ያደርገዋል።

ዘይቱ የሚተን በመሆኑ ቅርፊቱ እንደ ቡሽ ክዳን ያገለግላል። ስለዚህ ኮረሪማው ሳይፈለፈል መቀመጡ ይጠቅማል። ሳይበስል የተለቀመው መዓዛው አይሞላም፤ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ የታሰረው ይሻግታል፤ ከጭስና ከነዳጅ ጋራ የተከማቸው ደግሞ የሌላውን ሽታ ይዞ ይቀራል።

ላኪዎችም ስሙን ሊጠነቀቁ ይገባል። በሄል ውስጥ ከሲኒዮል ጋራ ተርፒኒል አሴቴት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚገኝ ጣዕሙ ከኮረሪማ የተለየ ነው። በውሉና በፋክቱሩ ላይ «ሄል» ተብሎ ኮረሪማ ቢላክ ገዢው ተታለልሁ ብሎ ዕቃውን ሊመልስ ይችላል። «የኢትዮጵያ ኮረሪማ» ተብሎ በገዛ ስሙ ቢቀርብ ግን የራሱን ዋጋ ያወጣል።

የዝንጅብል ማቃጠል የሚመጣው ጂንጀሮል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሥሩ በሚደርቅበት ጊዜ ከዚህ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይህም ይበልጥ የሚያቃጥል ስለሆነ ደረቁ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚያይለው በዚህ ምክንያት ነው። ማቅለሽለሽን ማስታገሡን የሕክምና ጥናቶች ደግፈውታል። ሆኖም በ2012 እ.ኤ.አ. በባክቴሪያ የሚመጣ የማጠውለግ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብሉን ማሳ ክፉኛ አጥቅቶአል። በሽታው በዘር ሥርና በአፈር ስለሚጓዝ፥ ከታመመ ማሳ የተገኘውን እርጥብ ሥር ለዘር ብሎ ወደ ሌላ አውራጃ የሚጭን ነጋዴ የነገውን ገበያ በገዛ እጁ ያጠፋል።

የእርድ ቢጫነት ከኩርኩሚን የተነሣ ነው። ኩርኩሚን ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛልና ዱቄቱ በጨለማና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። ቢጫው እጅግ የደመቀ ዱቄት ሲቀርብ ግን ባለ ሱቁ ይጠርጥር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በባንግላዴሽ እርዱን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት ይጨመርበት እንደ ነበረ ገልጦአል። ይህ ቀለም እርሳስ ያለበት መርዝ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እርዱን ሳይፈጭ ገዝቶ ማስፈጨት የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻም ቅመም ቅመም ነው፤ ባለ ሱቅም ሐኪም አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልን ወይም እርድን አብዝቶ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። «ሁሉን ይፈውሳል» ብሎ የሸጠ ነጋዴ አንድ ቀን ይጠቀም ይሆናል፤ ንጹሑን ዕቃ በትክክለኛ ስሙ የሸጠ ግን ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።