የበዓል ዶሮ ቃላትና የተርጓሚው ችግር

የምግብ አሠራር ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ደጋግመው ከሚያነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ አሜሪካውያን የምስጋና ቀን ብለው በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ የሚያከብሩትን በዓል ማዕድ የሚመለከት ነው። በዚያ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ትልቅ ወፍ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ይጠበሳል። ሆዱም ከደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ከሽንኩርት፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከቅመም በተዘጋጀ ነገር ይሞላል። ይህንን የሚሞላውን ነገር እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ወግ ያሰናዳዋል። አንዱ የስንዴ ዳቦ፣ ሌላው የበቆሎ ዳቦ ይመርጣል፤ ቋሊማ የሚጨምርም አለ፣ ቼስትነት የሚባለውን ፍሬ የሚጨምርም አለ፤ የአያት አሠራር ተለወጠ ተብሎም ይከራከሩበታል። ተርጓሚው እንግዲህ ወፉንም፣ የሚሞላውንም ነገር፣ የመሙላቱንም ድርጊት መሰየም አለበት። እኛም በዚህ ጽሑፍ የጎንደር ከተማንና የሰሜን ጎንደርን ደጋ የበዓል ዶሮ አሠራር መነሻ አድርገን፣ አማርኛ ለዚህ ምን ያህል የተዘጋጀ ቃል እንዳለውና የትኛው ላይ እንደሚጎድለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከወፉ ስም እንጀምር። ወፉ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ያላመዱትም የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦች ናቸው። ይሁን እንጂ እንግሊዞች በቱርኮች አገር ስም ይጠሩታል፤ ቱርኮች ራሳቸው ደግሞ «ሂንዲ»፣ ማለትም የህንድ፣ ይሉታል፤ የፈረንሳይኛው ስምም «የህንድ» ከሚል ሐረግ የወጣ ነው፤ ፖርቱጋሎች «ፔሩ» ሲሉት፣ ግብፆች «ዲክ ሩሚ»፣ የሩም አውራ ዶሮ፣ ይሉታል። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል፤ ትክክል የጠቆመ ግን የለም። ስለዚህ «የቱርክ ዶሮ» የሚለው ትርጉም የእንግሊዝኛውን ስሕተት ወደ አማርኛ ማሻገር ብቻ ይሆናል። «የፈረንጅ ዶሮ» እንዳይባልም ይህ ስም ከውጭ ለገባው የዶሮ ዘር፣ ከ«የአበሻ ዶሮ» መለያ ሆኖ ተይዟል። በእኛ አስተያየት «ተርኪ» የሚለውን ውሰት ቃል እንዳለ መቀበል ይሻላል፤ ለአማርኛ አንባቢ ስለ ወፉ አገር የሚነግረው የተሳሳተ ነገር ስለሌለ ነው።

የሚሞላውን ነገር መሰየም ከዚህ ይከብዳል። አዲስ ቃል በሚያስፈልግ ጊዜ በሙያችን የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ ግዕዝን፣ ከዚያም ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች መፈተሽ፣ ውሰትን በመጨረሻ ማየት ነው። አማርኛን ብንፈትሽ «ስንግ» እናገኛለን። ቃሪያ በቁመቱ ተሰንጥቆ በተከተፈ ሽንኩርትና በጨው ሲሞላ «ስንግ ቃሪያ» ይባላል፤ ግሡ «ሰነገ» ሲሆን፣ «ሰንጎ ያዘ» ስንል አጥብቆ መያዝን፣ ማፈናፈኛ ማሳጣትን ያመለክታል። ታዲያ ማንም ባለሙያ ሴት የምታውቀው ይህ ቃል ለተርኪውም ያገለግላል ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ስንግ» የሚለው የተሞላውን ነው እንጂ የሚሞላውን አይደለም። ቃሪያው ስንግ ነው፤ በውስጡ ያለው ሽንኩርት ግን ሽንኩርት ከመባል በቀር የተለየ ስም የለውም። ሳምቡሳም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ምስር «የውስጡ ምስር» ይባላል እንጂ የወል መጠሪያ አልወጣለትም። «ቋሊማ»ም ቢሆን የሥጋውና የአንጀቱ የአንድነት ስም ነው።

ስለዚህ ስሙ ከግሡ መወለድ አለበት። «ሙሌት» የሚለው ቃል ለግድብና ለጥርስ ከተያዘ ወዲህ ወደ ማዕድ ቤት ቢመለስ አንባቢውን ወደ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። «መሰነጊያ» ግን በሕጉ የወጣ፣ ጆሮም የማይከብደው ቃል ነው፤ ከ«መጥረግ» «መጥረጊያ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«መሰነግ» «መሰነጊያ» ይወጣል። ይህ የቃል ቅርጽ መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ለድርጊቱ የሚውለውን ነገር ሁሉ እንደሚያመለክት ደግሞ ከወጥ ቤት የበለጠ ምስክር የለም፤ «ማባያ»፣ «ማጣፈጫ»፣ «መከለሻ» ሁሉም የሚበሉ ናቸው።

ይዘቱን ያየ ሰው «ፍርፍር» ወይም «ፍትፍት» ማለት ይገባል ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ በቅመም የራሰ የዳቦ ቁራሽ ከእኛ ምግቦች ሁሉ የሚቀርበው ለፍርፍር ነው። ይሁንና እነዚህ ቃላት በትሪ ላይ የቀረበን እንጂ በሌላ ነገር ሆድ የገባን ምግብ አያሳስቡም። እዚህ ላይ «ዶሮ ዳቦ»ን ማንሣት ተገቢ ነው። ዶሮ ዳቦ የተሠራ የዶሮ ወጥ በሊጥ ውስጥ ተደርጎ አብሮ የሚጋገርበት ምግብ ነው። አሜሪካውያን ዳቦውን በወፉ ሆድ ሲከቱ፣ የእኛ እናቶች ወፉን በዳቦው ሆድ ከተውታል። የአማርኛው ስም ሁለቱን አካላት ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በየትኛው እንደገባ ሳይናገር ማለፉን የተውላጠ ስምና የመስተዋድድ ተማሪዎች ቢያስቡበት መልካም ነው። «ዳቦ ተርኪ» ብሎ የሚተረጉም ሰው በዚህ ምክንያት አንባቢውን ሙሉ በሙሉ ያሳስተዋል።

ዋናው ልዩነት ግን ከዚህ ይጠልቃል። በጎንደርም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ የበዓል ዶሮ አይሞላም፣ ይበለታል እንጂ። የቤተሰብ ወግ የሚታየው በሆዱ ውስጥ በሚገባው ሳይሆን በአበላለቱ፣ በቁሌቱና በአቀራረቡ ነው። «በለተ» ዶሮን በየመገጣጠሚያው መለየት ሲሆን፣ ንኡስ አንቀጹ «መበለት» ባል ከሞተባት ሴት መጠሪያ ጋር በጽሕፈት አንድ ነው፤ ዐውደ ንባቡን ያላየ ተርጓሚ ሊደናገር ይችላል። ዶሮው ከታረደ በኋላ ላባው ይነጫል፣ ይለበለባል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ ይታጠባል፤ ብልቱም 12 መሆን አለበት። ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ እኛ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ስሞቹ ያሳስቡናል።

እግር 2፣ ታፋ 2፣ ክንፍ 2፣ መላላጫ 2 ስንል ስምንት ይሆናል፤ ፈረሰኛ አንድ፣ አንገት አንድ ሲጨመር ዐሥር ይሞላል። የቀሩት ሁለቱ ከጀርባው ወገን የሚወጡ ናቸው፤ ስማቸውም ከቤት ቤት፣ ከአገር አገር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ከስሞቹ መካከል ሁለቱ ለቋንቋ አጥኚ የተለየ ጥቅም አላቸው። «መላላጫ» «ላጠ» ከሚለው ግሥ፣ ድምፁን በመድገም ከተገኘው «ላላጠ» የወጣ ነው፤ በ«መቁረጥ»ና በ«መቁረጫ» እንደምናየው የመጨረሻው «ጥ» በ«ያ» ምክንያት ወደ «ጫ» ተለውጧል። ቅርጹን ብቻ የተመለከተ የባዕድ አገር ተማሪ ቢላዋ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። «ፈረሰኛ» ደግሞ «ፈረስ» ላይ ባለቤትን የሚያመለክተው ቅጥያ ተጨምሮበት የተገኘ፣ በቀጥታ ጋላቢ ማለት የሆነ ቃል ነው። ይህ ብልት በልማድ የአባወራው ድርሻ ነው፤ ቤቱ የከበረ እንግዳ ሲኖረው ደግሞ ወደ እንግዳው ይዞራል። መዝገበ ቃላት «ፈረሰኛ፦ የዶሮ ደረት» ብሎ ቢተወው የቃሉን ግማሽ ጥሏል ማለት ነው፤ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ «ፈረሰኛውን ለልጁ አወጣችለት» የሚል ዐረፍተ ነገር ያጋጠመው ተርጓሚ ምን እንደተፈጸመ ከዚህ ፍቺ ሊረዳ አይችልም።

የምዕራባውያን አቆራረጥ ብዙውን ጊዜ ዶሮውን ስምንት ያደርገዋል፤ ደረት፣ ታፋ፣ እግርና ክንፍ፣ ሁለት ሁለት። በከተማ ሱቆች ተቆራርጦና ቀዝቅዞ የሚሸጠው ዶሮ ይህንኑ የተከተለ ነው። ችግሩ የአቆራረጡ መለወጥ አይደለም፤ ቃሉ ከድርጊቱ ጋር አብሮ መሄዱ ነው። ዶሮ በልታ የማታውቅ ልጅ ከእናቷ ልትሰማው የምትችለው «መላላጫ» የሚል ቃል የለም፣ ምክንያቱም ቃሉ የሚነገረው ቢላዋው መገጣጠሚያውን ሲፈልግ ነው። ስለዚህ የጀርባውን ብልቶች ስም አንድ ወጥ ለማድረግ መቸኮል አይገባም ብለን እናምናለን። የደባርቁም፣ የጎንደር ከተማውም፣ የሌላው ክፍለ አገርም ስም ከነቦታው ቢመዘገብና ብልቱ በቃል ከመገለጽ ይልቅ በሥዕል ቢታይ፣ መደበኛው ስም በኋላ በራሱ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያኑና የአዲስ ዓለም ሙስሊም ቤተሰብ አንዱ የሌላውን እርድ ባይበላም፣ በወጥ ቤት የሚናገሩት አማርኛ አንድ መሆኑንም ቃል ሰብሳቢ ሊዘነጋው አይገባም።

ስለ ቁሌቱ ባጭሩ እናልፋለን። «ቁሌት» ከ«ቆላ» የወጣ ሲሆን፣ ቀይ ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር በዝግታ ተቁላልቶ የወጡ መሠረት የሆነበትን ደረጃ ያመለክታል፤ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስለማይገኝለት ሳይተረጎም እንዲተው እንመክራለን። ቅቤው መጀመሪያ ይግባ ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር በአንድ ቤተሰብ ምራትና አማት መካከል ሳይቀር የሚነሣ ነው። «መከለሻ» ወጡ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰው ቅመም ሲሆን፣ ግሡ «ከለሰ» ተርጓሚዎች ረቂቃቸውን ሲያርሙ ከሚጠቀሙበት «ክለሳ» ጋር አንድ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ወጎች አገናኝተዋል። የምስጋና ቀን በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ከኅዳር 13 እስከ 19 ባለው ጊዜ ይውላል፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በመሆኑም ከሰባቱ ቀናት በአምስቱ በዓሉ በጾም ላይ ይወድቃል፤ ጾም አክባሪው ቤተሰብ ተርኪውን ለልጆቹና ለእንግዳ ያቀርባል፣ ወይም ለገና፣ ለታኅሣሥ 29፣ ያቆየዋል። ሙሉውን ጠብሶ በበርበሬ የሚያሸው አለ፤ በልቶ ወጥ የሚያደርገውም አለ። ተርኪው ሲበለት «ፈረሰኛ» የሚለው ቃል ከዶሮ ወደ ሌላ ወፍ ተሻግሯል፤ ይህም ቃሉ ገና ሕያው ለመሆኑ ማስረጃ ስለሆነ በፍቺው መካተት አለበት።

በዚህ መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው መግቢያ ቃላት የሚከተለውን ይመስላሉ። ተርኪ (ስ.)፦ ከአሜሪካ የተገኘ፣ ከዶሮ የሚተልቅ ለማዳ ወፍ። መሰነጊያ (ስ.)፦ በቃሪያ፣ በወፍ ሆድ ወይም በሌላ ምግብ ውስጥ የሚሞላ የተዘጋጀ ነገር፤ ተዛማጅ፦ ስንግ፣ ሰነገ። ፈረሰኛ (ስ.)፦ 1. ፈረስ ጋላቢ። 2. ዶሮ ወይም ሌላ ለማዳ ወፍ ሲበለት ከደረቱ ወገን የሚወጣ አንድ ብልት፤ በልማድ ለአባወራ ወይም ለክቡር እንግዳ የሚሰጥ።