ጭነት የሌለው ፒክ አፕ መኪና ስለሚያንገጫግጭበት ምክንያትና ስለ መፍትሔው

ፒክ አፕ የሚባለው መኪና ዛሬ በየገጠሩ የታወቀ ነው። እህልና ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ የትምህርት መጽሐፍም ሳይቀር በእርሱ ይመጣል። በዚህ መኪና የተሳፈረ ሰው ሁሉ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሳያይ አልቀረም። ይኸውም መኪናው ስምንት ኩንታል ተጭኖ ሲሄድ ረጋ ብሎ ይጓዛል፤ ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ግን በዚያው መንገድ ላይ እንደ ውርንጭላ ይዘላል። አህያና በቅሎ ሸክማቸው ሲወርድላቸው ያርፋሉ፤ መኪናው ግን ሸክሙ ሲቀልለት ይብስበታል። ይህ ስለ ምን ሆነ?

ፒክ አፕ ከመሠረቱ ለጭነት የተሠራ ነው። በአሜሪካ የፎርድ ፋብሪካ ከኋላው የጭነት ሣጥን ያለውን ሞዴል ቲ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። በአገራችን እጅግ የታወቀው የቶዮታ ሃይሉክስም በዚያው አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በጃፓን አገር ተጀመረ። እንዲህ ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ባሌስትራ አለው። ባሌስትራ ማለት ረዥሙ ከላይ፣ አጭሩ ከታች ሆኖ የተደራረበ የብረት ዝርግ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ብረት ያወፈሩት ሙሉ ጭነት እንዲሸከም አስበው ነው። እንግዲህ ሙሉውን ጭነት የሚችል ብረት ባዶውን ካሶኒ ብቻ ሲሸከም እንደሚገባው አይለመጥም። ከዚህም በላይ ከታች ያለው የኋላ ጎማና ፖንቴ ከባድ ነው፤ ከላይ ያለው ባዶ ካሶኒ ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ጎማው ድንጋይ በመታ ጊዜ ከባዱ ቀላሉን ወደ ላይ ይወረውረዋል።

ይህን በትምህርት ቤታችሁ ፈትናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ከገበታ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በሌላው ጫፍ ትንሽ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ተጫኑና ልቀቁት። በ10 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ቍጠሩ። ከዚያ በኋላ ከበድ ያለ ድንጋይ እሰሩበትና እንደ ገና ቍጠሩ። ከባዱ ድንጋይ በዝግታ፣ ቀላሉ በፍጥነት ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ሁለት ቀርከሃ ደርባችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል።

ስሌቱም እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ መኪና የኋላ ባሌስትራዎች በየ60 ኪሎው አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚሉ ቢሆኑ፣ በላያቸው ያለው የባዶ መኪና ክብደት 300 ኪሎ ቢሆን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላሉ። 600 ኪሎ ጭነት ሲጨመርበት 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ መሠረት ባዶው በአንድ ደቂቃ 134 ጊዜ ያህል፣ የተጫነው 77 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ወገባችንን የሚያሳምመውም ይህ ፈጣን መወዛወዝ ነው።

ይህ ነገር ስለ ምቾት ብቻ የሚነገር አይደለም። የዘለለ ጎማ መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማም ፍሬን አይዝለትም። ስለዚህ ባዶ ፒክ አፕ በኮረኮንች መንገድ፣ ይልቁንም በጠመዝማዛ ላይ፣ ኋላው ወደ ጎን ይንሸራተታል። እንግዲህ መፍትሔው ምንድር ነው?

1ኛ፤ የጎማውን ነፋስ መመልከት ነው። ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙም ብዙ ስለ ሆነ ከሁሉ በፊት ይህ ይደረግ። ብዙ ፒክ አፖች በሾፌሩ በር አጠገብ የነፋሱን ልክ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል፤ አንዳንዱም ለባዶውና ለተጫነው ለየብቻው ቍጥር ይሰጣል። ለጭነት የተነፋ ጎማ በባዶው ጊዜ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ልኩ የሚታየው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጧት ነው። ነገር ግን ከተጻፈው በታች ማጕደል አይገባም፤ የጎደለ ጎማ ግሎ ይፈነዳልና። ጭነት ሲመጣም አስቀድሞ መንፋት ያስፈልጋል።

2ኛ፤ አሞርዛቶሩን መመርመር ነው። ባሌስትራው የጀመረውን መወዛወዝ የሚያበርደው እርሱ ነው። ዘይት ካፈሰሰ ወይም መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ መወዛወዙን ካላቆመ መለወጥ አለበት።

3ኛ፤ ባሌስትራውን ማጽዳት ነው። በዝርጎቹ መካከል ጭቃና ዝገት ሲገባ ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ፤ መለመጥም ይሳናቸዋል። በውኃ ይታጠቡ፤ ያለቀው ቡሽም ይለወጥ።

4ኛ፤ ጥቂት ክብደት መጨመር ነው። በጆንያ የተሞላ አሸዋ ከኋላው ጎማ በላይ ወይም ከእርሱ ወደ ፊት ተደርጎ በገመድ ጠብቆ ይታሰር። ከኋላው ጎማ አልፎ በጫፉ ላይ ቢቀመጥ ግን የፊቱን ያነሣዋል፤ መሪውም ይቀልላል። ይህም ክብደት ከተፈቀደው ጭነት ላይ እንደሚቀነስ አይረሳ።

5ኛ፤ በዝግታ መንዳት ነው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

አንዳንድ ሰዎች መኪናው እንዲለሰልስ ከባሌስትራው አንዱን ዝርግ ያስወጣሉ። ይህ መልካም አይደለም። ዛሬ ለስላሳ የሆነው መኪና ነገ አሥር ኩንታል ሲጫንበት የቀሩት ዝርጎች ይሰበራሉ። ዘወትር ቀላል ዕቃ ብቻ የሚያመላልስ ሰው ለዚያ የተሠራ ለስላሳ ባሌስትራ በዐዋቂ መካኒክ ያስገባ፤ የጭነቱንም ልክ ያሳንስ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰውን እንደ ክብደት መጫን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈተና ወረቀት አድርሼ በባዶ ፒክ አፕ ስመለስ ሾፌሩ መንገጫገጩ ስለ ሰለቸው ሦስት ትልልቅ ድንጋይ አንሥቶ ሳያስር በካሶኒው ጣለ። በመንገድም አራት ተማሪዎች አግኝቶ «ውጡ፤ እናንተም ክብደት ትሆኑናላችሁ» አላቸው። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ፤ መንገዱ ስለ ለሰለሰልኝ ደስ ብሎኝ ነበርና። ጥቂት እንደ ሄድን ጥጃ ወደ መንገዱ ገባች። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝ ድንጋዮቹ ወደ ፊት ተንከባለሉ፤ የአንዱም ልጅ ቍርጭምጭሚት ተሰበረ። ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ድኖ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ የእኔ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ በባዶ ካሶኒ ላይ ውጡ የሚላችሁ ሰው ቢኖር በአክብሮት እንቢ በሉ። እናንተም መምህራን፣ መኪና ወደ ትምህርት ቤታችሁ በመጣ ጊዜ ተማሪዎቹን ሰብስባችሁ ባሌስትራውንና አሞርዛቶሩን አሳዩአቸው፤ ሾፌሩንም የጎማውን ነፋስ በስንት እንደ ነፋው ጠይቁት። ምክንያቱን የተረዳ ሰው መፍትሔውን በጎማውና በብረቱ ይፈልጋል እንጂ በሰው ልጅ አካል አይፈልግም።