ስለ ብረት ጀሪካን አጠባበቅ

ማደያ የሚገኘው በዋናው መንገድ ዳር ነው። ትራክተሩ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተርና የከብት ክትባት የሚያደርሰው መኪና የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው መንገድ ርቀው ነው። በመካከል ያለውን ርቀት የሚያገናኘው የብረት ጀሪካን ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ በዝገት ቢበሳ ወይም ውስጡ ዝጎ ነዳጁን ቢያበላሽ፣ ጉዳቱ በዕቃው ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም። ትራክተሩ በዘር ወራት ይቆማል፤ ክትባቱም በመንገድ ሲውል ይሞቅና ኃይሉን ያጣል። ነገሩን ለሾፌሩ ብቻ ከመተው ይልቅ አስተዳዳሪውም ባለ እርሻውም ሊያውቀው የሚገባው ስለዚህ ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 በጀርመን አገር የተፈለሰፈ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጃቸውን በስስ ቆርቆሮ ሲያጓጉዙ፣ ቆርቆሮው በመንገድ እየተቀደደ ብዙ ነዳጅ ፈሰሰባቸው። ከጀርመኖች የማረኩት ዕቃ የተሻለ መሆኑን ባዩ ጊዜ አስመስለው ሠሩት። ስሙም የወጣው፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኑን «ጀሪ» ይሉት ስለ ነበረ ነው። የዚህ ዕቃ ሁለቱ ግማሾች የተበየዱበት መስመር ወደ ውስጥ የጎደጎደ በመሆኑ ከሌላ ዕቃ ጋር አይፋጭም። በጎኑ ላይ የተቀረጸው መስቀለኛ ቦይ ብረቱ ሲነፋ ተለጥጦ እንዲመለስ ያደርገዋል። ከመያዣው በታች ያለው ጉብታም የአየር ቦታ ነው። ይህን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዕቃውን አሠራር ያወቀ አያያዙንም ያውቃልና።

ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ከእንጦጦ ተራሮች ወዲያ ካለው ከየካ አባዶ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚሄደውን መኪና እንመልከት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በዚያ ደጋ ላይ እጅግ ይበርዳል። መኪናው በማለዳ ተነሥቶ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋንና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር በኩል ያቋርጣል። ከዚያም ቁልቁል ወርዶ በዚያው ቀን ወደ 1300 ሜትር ግድም ዝቅ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል። 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ዴሲ ሊትር ግድም ያብጣል። ስለዚህ ጀሪካኑን አዘንብሎ የአየር ቦታውን እስኪያጠፉ መሙላት ታላቅ ስሕተት ነው። በቆላ የተዘጋውም ወደ ደጋ ሲወጣ ይነፋልና፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ ማስተንፈስ እንጂ በአንድ ጊዜ መክፈት አይገባም።

ዝገት የሚነሣው ከሁለት ወገን ነው፤ ከውስጥና ከውጭ።

የውስጡ ዝገት ጠንቅ ውሃ ነው። ጀሪካኑ በግማሽ ጎድሎ ሲያድር፣ በባዶው ቦታ ያለው አየር በሌሊት ብርድ እርጥበቱን በብረቱ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ያወርዳል። ውሃ ከነዳጅ የከበደ ስለ ሆነ ወደ ታች ወርዶ በማዕዘኑ ይከማችና በዚያ ብረቱን ይበላል። በናፍጣ ጊዜ ደግሞ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል፤ ማጣሪያውንም ይደፍናል። እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው፤ ጀሪካን በመጋዘን ሲቀመጥ ወይ የአየር ቦታው ብቻ ቀርቶት የሞላ፣ ወይ ፈጽሞ የደረቀና የተዘጋ ይሁን። የጎደለ አይደር። በውስጡ ያለውን ለማወቅ ከግርጌው ጥቂት ወደ ንጹሕ ብርጭቆ መቅዳት ነው፤ ውሃው ከታች ይለያል፣ ቀይ ብናኝም ይታያል። ወደ ሞተሩ ሲገለበጥ በጥሩ ወንፊት ማጥለል፣ የመጨረሻውንም አተላ አለመጨመር ይገባል።

የውጩ ዝገት የሚጀምረው ከመፋቅ ነው። ሙሉ ጀሪካን ከነብረቱ ወደ 20 ኪሎ ግድም ይመዝናል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ይህ ክብደት ቀኑን ሙሉ ማስቀመጫውን እንደ መዶሻ ይደበድባል፤ የግርጌው ጠርዝና ጠፍሩ የሚያርፍበት ስፍራ ቀለሙን ያጣል። ስለዚህ ጠፍሩ ጠብቆ ይታሰር፤ የማይነቃነቅ አይፋቅምና። ከግርጌውና ከጎኑ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይነጠፍለት፤ የማስቀመጫውም ወለል ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው። ብዙ ሰው ለጀሪካኑ አዝኖ በጆንያ ወይም በጨርቅ ይጠቀልለዋል። ይህ ግን ዝናሙንና ጭቃውን ይዞ ስለሚያቆይ ብረቱን ይጎዳዋል እንጂ አይጠብቀውም።

ቀለሙ የተፋቀ እንደ ሆነ፣ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ በደጅ ከተናፈሰ በኋላ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ማሸት፣ አንቲረስት የሚባለውን ቀለም መቀባት፣ ሲደርቅም ዋናውን ቀለም መደረብ ነው። የውስጡ ዝገት ቀላል ከሆነ በሳሙና ውሃና በንጹሕ ጠጠር ማንቀጥቀጥ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ወዲያው በፀሐይ ማድረቅና በጥቂት የሞተር ዘይት ማራስ ይበቃል። ብረቱ ተበልቶ የሳሳ ከሆነ ግን ለነዳጅ አይሆንም። ባዶ መስሎ የሚታየውንም ወደ በያጅ መውሰድ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከእሳት ጋር ሲገናኝ ሰው ይገድላልና። በዚንክ የተነከረ ዕቃም ለናፍጣ አይስማማም፤ ናፍጣው ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ማጣሪያ የሚደፍን ዝቃጭ ያመጣል።

ከሁሉ በላይ፣ ነዳጅ የያዘ ዕቃ ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ፣ ለጠላ ወይም ለምግብ ዘይት ከቶ አይዋል። የነዳጁና የውሃው ዕቃ በቀለም ተለይቶ በላዩ ይጻፍበት። ነዳጅ ሲቀዳም ጀሪካኑ ከመኪናው ወርዶ በመሬት ላይ ይቀመጥ፤ በጭነት ላይ እንዳለ ቢቀዳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያስነሣ ይችላል።

የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ለእያንዳንዱ ጀሪካን ቁጥር ቢሰጡት፣ በግንቦት ክረምቱ ሳይገባና በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ የክዳኑን ጎሚኒ፣ የግርጌውን ጠርዝና ውስጡን በመብራት እንጂ በክብሪት ሳይሆን እንዲመረመር ቢያደርጉ፣ ወጪው የጥቂት ቀለምና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነዳጃችን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በዝገት ቀዳዳ የሚንጠባጠበውም ይኸው ገንዘብ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ ምርመራው ከመጪው ክረምት በፊት ይጀመር።