የውሰት ጉልበት

ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ። እነዚህ ስሞች በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙ ጊዜም ከባለ ስሙ በፊት ተወልዶ የተቀበረ ልጅ መኖሩን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። «ወንድ አይበረክትላትም» የሚባልላት ሴትም ከዘመድ አዝማድ መካከል አትጠፋም። ሕፃናትን የሚቀጥፈው ነገር ብዙ ነውና ከስሙ ተነሥቶ በሽታውን ማወቅ አይቻልም። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ በሳንባ ምች የተኛ ወንድ ልጅ፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያጠና ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ሐኪሙ ደም ከመቅዳቱ በፊት እናቲቱን የሚጠይቃት ይህንኑ ነው፤ «ከወንድሞችሽ፣ ከእናትሽም ወንድሞች በልጅነቱ የሞተ አለ?»

ጥያቄው ወደ እናት ወገን ብቻ ማዘንበሉ ያስከፋል። ወቀሳ አድርገው የሚሰሙት እናቶች ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን የስሌት ጉዳይ ነው። ዛሬ የመከላከል አቅምን የሚያዛቡ፣ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ከ450 በላይ ሆነው ተመዝግበዋል። ቀድመው ከታወቁት አንዳንዶቹ የሚተላለፉት ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሳታውቀው ልትኖር ትችላለች። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ። በቤተሰቡ ታይቶ የማያውቅ፣ አዲስ የተፈጠረ የዘረመል ስሕተትም አለ። ለዚያ ማንንም መጠየቅ አይቻልም።

እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ መጋባት የአባቶች ጥበብ ነው ይባላል። ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ሲወረስ ብቻ ለሚመጡት ሕመሞች እውነት ነው፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡባቸው አገሮች እነዚህኞቹ በብዛት ይታያሉ። በኤክስ የሚመጣውን ግን ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር አያስቀረውም።

በኤክስ ከሚተላለፉት የአንደኛው፣ ዛሬ የብሩተን ሕመም የሚባለው፣ ታሪክ የሚጀምረው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነው። በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦግደን ብሩተን የተባለ ኮሎኔልና የሕፃናት ሐኪም ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ደሙ በጀርም ተመርዞ ታምሟል። ብሩተን የደሙን ፕሮቲኖች የሚለይ፣ ያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረ መሣሪያ ሲያስመረምረው ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ክፍል ጨርሶ የለም። መሣሪያው የተሳሳተ እስኪመስል ድረስ ባዶ ነበር። ብሩተን የጎደለውን ነገር ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውን በየወሩ ከቆዳው ሥር ይወጋው ጀመር፤ ልጁም ከተደጋጋሚው መመረዝ ዳነ። ለሕመሙ መነሻ የሆነው ዘረመል በ1993 ሲገኝ የብሩተንን ስም ወሰደ።

ይህን ሕመም የሚያስጠረጥር አንድ ነገር ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። እኛ ዘንድ እናት የምትጨነቀው ቶንሲል ሲያብጥ ነው፤ እንጥል ያስቆረጠም ብዙ ነው። የብሩተን ሕመም ያለበት ልጅ አፉን ከፍቶ በማንኪያ እጀታ ምላሱን ዝቅ ሲያደርጉለት ግን የሚያብጠው ቶንሲል የለም፣ ወይም ከምስር ፍሬ አይበልጥም። አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርምን ለይቶ የሚይዝበት፣ ከደሙ የጎደለው ፕሮቲን) የሚያመርቱት ሕዋሳት ስለሌሉ ቶንሲሉ የሚሞላበት ነገር አጥቷል። ባትሪ ያለው የገጠር ጤና ባለሙያ ሁሉ ሊያየው የሚችል ምልክት ነው፤ እስካሁን የሚታለፈው ማንም እንዲፈልገው ስላልተነገረው ይመስለኛል።

ለማንኛውም ሕፃን የመጀመሪያዋ አዋሽ እናቱ ናት፤ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት የራሷን አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ታሻግርለታለች። በብሩተን ሕመም የተያዘ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ገደማ ደልቦና ስቆ የሚያድገው በዚህ ውሰት ነው። ከዚያ ያልቃል። ጆሮው ይመግላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ መድኃኒት ሲጨርስ እንደገና ይጀምረዋል።

ሕክምናው ውሰቱን ማስቀጠል ነው። ፋብሪካው ቢያንስ ከአንድ ሺህ፣ ብዙ ጊዜም ከአሥር ሺዎች ሰዎች የተሰበሰበ ፕላዝማ (ሕዋሳቱ የወጡለት የደም ፈሳሽ) ያዋህዳል፤ ቫይረስ እንዳይኖርበት በተለያየ መንገድ ያክመዋል፤ አንቲቦዲውን ነጥሎ በብልቃጥ ያሽጋል። ከለጋሽ ክንድ እስከ ብልቃጡ ከ7 እስከ 12 ወር ይፈጃል። አንድን በሽተኛ ለአንድ ዓመት ለማከም 130 ያህል የፕላዝማ ልገሳ እንደሚያስፈልግ የዘርፉ ሰዎች ያሰላሉ። የገባው አንቲቦዲ ደግሞ በሦስት ሳምንት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ሕክምናው ተጀምሮ የሚያበቃበት ቀን የለውም።

በደም ሥር የሚሰጠው ዓይነት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ዋለ። ልጁ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዶ ሰዎች «ጉሉኮስ» እንደሚሉት ተሰክቶለት ግማሽ ቀን ይተኛል፤ ወላጅ ከሥራ ይቀራል፤ ማታ ራስ ምታት ይኖራል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲቃረብ ልጁ ይደክመዋል፤ ኳስ ሜዳ ዳር ይቀመጣል። ሐኪሙ በደም ምርመራ የሚያውቀውን እናት በልጇ አረማመድ ታውቀዋለች።

ሌላው መንገድ ቤት ውስጥ ነው። ብሩተን የጀመረውን ከቆዳ ሥር የመስጠት ዘዴ ስዊድናውያን ነርሶችና ሐኪሞች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሻሽለው ለቤተሰብ እጅ ሰጡት። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ነው። ከሳምንቱ አንድ ምሽት ይመረጣል። ብልቃጡ ቀድሞ ከፍሪጅ ይወጣል፤ በሙቅ ውኃ ማሞቅ አይፈቀድም፣ መናጥም አይፈቀድም፣ አረፋ ይሆናልና። የልጁ ጭን ወይም ሆድ ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባል። እጅ ይታጠባል። መድኃኒቱ በሲሪንጅ ተስቦ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ካለች አጭር መርፌ ጋር ይገናኛል፤ መርፌዋ ከገባች በኋላ ደም ወደ ቱቦው አለመመለሱ ይታያል፤ ከዚያ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ወይም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ቀስ እያለ ይገፋዋል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሳምንቱ መጠን ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ በወፍራሙ መድኃኒት 10 ወይም 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የቡና ሲኒ ሩብ ቢያክል ነው። ልጁ ካርቱን እያየ ያልቃል። መርፌዋ የነበረችበት ቦታ እንደ ግማሽ እንቁላል ያብጥና በማግሥቱ ይጠፋል። በብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ተልጦ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ይለጠፋል፤ በዚያ ምርት ላይ አንዳች ችግር ቢገኝ ማን እንደ ወሰደው የሚታወቀው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚከብደው መርፌው አይደለም ይላሉ ነርሶቹ፤ የገዛ ልጅን መውጋት ነው። አባት ልጁን ይይዛል፣ እናት ትወጋለች፣ ወይም በተራ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ብዙው ልጅ ራሱ ይወጋና ከሁለቱም ይገላገላል።

የቀረው ሥራ በደብተር አይመዘገብም። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ እስከ ነገ አይጠበቅም። አስተማሪው ማወቅ አለበት። ለሌላው ልጅ ጥበቃ የሆነ ክትባትም እዚህ ቤት ጠላት ሊሆን ይችላል። የቲቢ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ የተዳከመ ግን ሕያው ጀርም አለባቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም የሚሰጡት በተወለዱ ሰሞን ነው፤ ከባድ የመከላከል ጉድለት ባለበት ሕፃን ላይ የቲቢ ክትባቱ ራሱ በሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። በ2015 ይፋ የሆነ አንድ የብሪታንያ ታካሚ ደግሞ በልጅነቱ የተሰጠውን የፖሊዮ ቫይረስ 28 ዓመት ያህል በሰገራው ሲያወጣ ኖሯል፤ ሰውየው ሽባ አልሆነም፣ ቫይረሱ ግን በውስጡ እየተለወጠ ነበር።

ከባድ የመከላከል ጉድለት ሲባል ሕዝብ የሚያውቀው በፕላስቲክ አረፋ ውስጥ ያደገውን የሂውስተኑን ዴቪድ ቬተርን ነው። እርሱ የነበረበት ስኪድ የሚባለው፣ ሰውነትን ከሞላ ጎደል ባዶ የሚያስቀር ሕመም ነው። ታላቅ ወንድሙ በሰባት ወሩ ስለሞተ ዴቪድ በ1971 እንደተወለደ ወደ ንጹሑ ክፍል ገባ፤ 12 ዓመት ቆየ። የእኅቱ መቅኔ ሲሰጠው በውስጡ ተደብቆ የነበረ ቫይረስ ካንሰር አስነሣበት፣ በየካቲት 1984 ሞተ። ዛሬ ለስኪድ አረፋ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን መቅደም እንጂ። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው በሦስት ወር ተኩል ዕድሜያቸው ወይም ከዚያ ቀድሞ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሕፃናት 94 በመቶው ተርፈዋል። ሰዓቱን ለመቅደም ነው ዊስኮንሲን በ2008 ከእያንዳንዱ አራስ ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ መመርመር የጀመረችው፤ በ2018 መጨረሻ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ገቡበት። እስራኤል በ2015 ጀምራለች። ሜሪላንድም ሆነ አሽዶድ የሚወለድ ሐበሻ ሕፃን ወላጆቹ ሳያውቁት ይህን ምርመራ ያልፋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መንገዱ ረጅም ነው። ደጋግሞ የሚታመም ልጅ መጀመሪያ የሚመረመረው ለኤችአይቪ ነው፤ ተገቢም ነው። «ነጻ ነው» ሲባል ግን ቤተሰቡ እፎይ ይላል፣ ፍለጋውም እዚያው ይቆማል። በዓመት ሁለቴ የሳንባ ምች፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የጆሮ ሕመም፣ ለሁለት ወር ተወስዶ ብዙም ያልረዳ አንቲባዮቲክ፣ የማይለቅ የአፍ ፈንገስ፣ ሥር የሰደደ እብጠት፣ የማይጨምር ክብደት ካለ፣ የኤችአይቪው ውጤት ነጻ መሆኑ ለሁለተኛ ጥያቄ በር መክፈት ነበረበት። አንቲቦዲው ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ነውና ዋጋው ያስደነግጣል። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ከአገሬው ፕላዝማ ታመርታለች።

ርካሹ ነገር ግን በየጤና ጣቢያው አለ። ከእነዚህ ሕመሞች በሌላው ዓይነት ተይዘው ነጭ ሕዋሳቸው ጀርሙን ውጦ መግደል ለሚያቅታቸው ልጆች የሚታዘዘው የዕለት መከላከያ ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ በኤችአይቪ ዘመን ሁሉም ያወቀው ኪኒን። ከእርሱ ጋር ሻጋታን መሸሽ ይጨመራል፤ የእነዚህ ልጆች ሳንባ ከገለባ ክምር፣ ከእህል ጎተራና ከብስባሽ ቅጠል በሚነሣ ብናኝ ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በአውድማ ጊዜ ልጁ ከቤት አይወጣም።

የብሩተን ሕመም ያለበት ልጅ እኅት ትቀራለች። ጤነኛ ናት፤ የወንድሟን ፓምፕ አዘጋጅታ አድጋለች። ተሸካሚ መሆን አለመሆኗን አንድ የደም ምርመራ ይነግራታል፤ ብዙ ሐኪሞች ግን ራሷ ለመወሰን እስክትደርስ እንዲቆይ ይመክራሉ። ተሸካሚ ሆና ካረገዘች ወንዱ ልጇ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ይቀዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ የአራስ ክትባቱ ይቆያል።