ለጸሎት ጊዜን ስለ መለየት

ብዙ ሥራ ያለበትን ክርስቲያን ስለ ምን አትጸልይም ብለው ቢጠይቁት፥ ጊዜ አጣሁ ብሎ ይመልሳል። ይህን የሚል ሰው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ገበሬው ገና ሳይነጋ በሬውን ይጠምዳል፤ ሴቲቱ ውኃ ስትቀዳ፥ ስትፈጭና ስትጋግር ይመሽባታል፤ ነጋዴውም ሒሳቡን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይይዘዋል። ነገር ግን ሥራዬ ሲያልቅ እጸልያለሁ የሚል ሰው መቼም አይጸልይም፤ አንዱ ሥራ ሳይፈጸም ሌላው ይወለዳልና።

የቀደሙት አባቶች ይህን ስለ ተረዱ ጸሎትን ለትርፍ ጊዜ አልተዉትም፥ በሰዓት ወሰኑት እንጂ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። ነቢዩ ዳንኤልም በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ከሦስቱ አለቆች አንዱ ሲሆን፥ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር። ጠላቶቹ ሊይዙት በተሰበሰቡ ጊዜ ሲጸልይ አገኙት፤ ልማዱ የታወቀ ነበርና።

ምናልባት አንዲት እናት ይህን ሰምታ፥ ዳንኤል የሚያለቅስ ሕፃን አላዘለም፥ የሚገነፍል ድስትም አልጠበቀም ትል ይሆናል። እውነትዋን ነው። ለእርስዋስ የሱዛና ዌስሊ ኑሮ ይሻላታል።

ሱዛና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1669 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። ሳሙኤል ዌስሊ የሚባል ቄስ አግብታ በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ በሚባል በገጠር ባለ ስፍራ ኖረች። 19 ልጆች ወለደች፤ ከእነርሱም ዘጠኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1705 ዓ.ም. ባልዋ በዕዳ ምክንያት ታሰረ። በ1709 ዓ.ም. ቤታቸው በሌሊት ተቃጠለ፤ አምስት ዓመት የሆነው ልጅዋ ጆን በመስኮት ወጥቶ ለጥቂት ተረፈ። ቤቱ እንደ ገና እስኪሠራ ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ፤ ሲመለሱም መልካሙን ልማዳቸውን ረስተው ስለ መጡ እንደ ገና ከመጀመሪያው ማስተማር ግድ ሆነባት። ትምህርታቸውም ከእጅዋ ነበር፤ በቀን ስድስት ሰዓት ታስተምራቸው ነበር። እንደዚህ ያለችው ሴት ጊዜ የለኝም ብትል ማን ይነቅፋት ነበር?

እርስዋ ግን ገና በአባትዋ ቤት ሳለች ለራስዋ አንድ ደንብ አወጣች፤ በቀን ለጨዋታ የምታውለው ጊዜ ብቻዋን ለጸሎት ከምታውለው ጊዜ እንዳይበልጥ ወሰነች። ይህ ደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሥራን አይቀንስም፥ ጨዋታንም አይከለክልም፤ ነገር ግን ጊዜ አጣሁ ለሚል ሰው ጊዜው ወዴት እንደ ሄደ ያሳየዋል። በወሬና በሰው ሐሜት የሚያልፈው ሰዓት እንደ እህል በቁና ቢሰፈር ኖሮ ብዙዎች ባፈሩ ነበር። ካገባችም በኋላ ማለዳና ማታ ብቻዋን ሆና የምትጸልይበትን ጊዜ ጠበቀች፤ ያሰበችውንም በደብተር ትጽፍ ነበር። ጽሑፍዋ ተጠብቆ ኖሮ በ1997 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ታትሟል። ብቻዋን የምትሆንበት ስፍራ ባጣች ጊዜም ሽርጥዋን በራስዋ ላይ ትከናነብ እንደ ነበረ፥ ልጆችዋም ይህን አይተው ዝም ይሉ እንደ ነበረ ይተረካል።

ይህ መንገድ ለሌላውም ሰው የሚቻል ነው። በእጁ ሰዓት የሌለው ሰው ዶሮ ሲጮኽ፥ እሳቱ ሳይጫር፥ በሩም ሳይከፈት ጥቂት ጊዜ ይለይ። ጊዜው አጭር ቢሆን አይጎዳም፤ ነገር ግን የታወቀ ይሁን። በጾም መግቢያ ረጅም ጸሎት ጀምሮ በሳምንቱ ከሚተው ሰው ይልቅ፥ በየማለዳው አንድ መዝሙር ብቻ ከዳዊት የሚያነብ ሰው ዓመቱን ይዘልቃል። በሕመም ወይም በእንግዳ ምክንያት አንድ ቀን ቢያልፈው በማግስቱ ይቀጥል፤ ላለፈው እያዘነ የሚመጣውን ደግሞ አይጣል። እሑድን የሚያከብር ሰው ብዙ ነው፥ ችግሩ ሰኞ ነው።

ሱዛና ስለ ራስዋ ነፍስ ብቻ አላሰበችም። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ህንድ አገር የላካቸውን የወንጌል መምህራን ታሪክ ባነበበች ጊዜ ልብዋ እጅግ ተነካ። ወደ ሩቅ አገር መሄድ ባይቻላት፥ በቤትዋ ላሉት ነፍሳት ጊዜ ትለይ ዘንድ ቈረጠች። ስለዚህ ከልጆችዋ ጋር በየተራ ብቻ ለብቻ የምትነጋገርበትን ማታ መደበች፤ ሰኞ ለሞሊ፥ ማክሰኞ ለሄቲ፥ ረቡዕ ለናንሲ፥ ሐሙስ ለጆን፥ ዓርብ ለፓቲ፥ ቅዳሜ ለቻርልስ፥ እሑድም ለኤሚሊና ለሱኪ ሆነ። ስምንት ልጆች በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ እናት ሁሉን ታያለች፥ የአንዱን ልብ ግን ለማየት አይመቻትም። በዚያ ማታ ግን ልጁ የፈራውንም የበደለውንም ለመናገር ጊዜ ያገኝ ነበር።

ጆን አድጎ በኦክስፎርድ መምህር ሆነ። በ1732 ዓ.ም.፥ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ፥ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈላት፤ በደብዳቤውም፥ ቀድሞ በሐሙስ ማታ ትሰጠው ከነበረችው ጊዜ ጥቂቱን አሁንም ስለ እርሱ ታውል ዘንድ ለመናት።